የትኛው እንጨት ይሻላል?

ገበሬ እንጨት ያውቃል። ለሞፈር የሚሆነውን፣ ለቀንበር የሚሆነውን፣ ለመጥረቢያ እጀታ የሚሆነውን ሲመርጥ ማንንም አይጠይቅም። ልጆች እንኳ የገና ጨዋታ ሲደርስ ጫፉ ቆልመም ያለውን ጠንካራ ዱላ ለይተው ይቆርጣሉ። አዲስ ዕቃ ሲመጣ ግን ነባሩ እውቀት ብቻውን አይበቃም፤ መፈተን ያስፈልጋል። ዛሬ የምንማርበት ዕቃ የጠረጴዛ ቴኒስ መምቻ ነው። ብዙ ሰው ጨዋታውን ፒንግ ፖንግ፣ መምቻውን ደግሞ ራኬት ይለዋል።

ጨዋታውን ላላየው ሰው እንዲህ ነው። ጠረጴዛው 2 ሜትር ከ74 ሳንቲ ሜትር ይረዝማል፤ ወርዱ 1 ሜትር ከግማሽ ያህል ነው፤ ከመሬት 76 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። መካከሉ ላይ ከአንድ ስንዝር ያነሰ መረብ ይወጠራል። ሁለት ሰዎች ግራና ቀኝ ቆመው አንዲት ትንሽ ኳስ ይመላለሳሉ። የኳሷ ክብደት 2 ግራም ከ7 አሥረኛ ብቻ ነው። እፍ ቢሏት ትሄዳለች። እንዲህ ያለች ቀላል ኳስ በመሆኗ የመምቻው እንጨት ጥቂት ሲለወጥ አመታቱም ይለወጣል።

ራኬት ከሱቅ ሲገዙት ገንዘብ ይጠይቃል። አናጢ ግን ከቁራጭ ጣውላ ሊሠራው ይችላል። ታዲያ ከየትኛው እንጨት? አንዱ ወይራ ይላል፤ ሌላው ዋንዛ ይላል፤ ሦስተኛው ባሕር ዛፍ ምን አለው ይላል። ክርክሩ ቀላል አይምሰላችሁ። በእብናትና በደብረ ታቦር ዙሪያ ባለው ደጋ ዛፍ እንደ ልብ አይገኝም። ለአንድ ራኬት ብሎ የማሳውን ዳር ዋንዛ የሚጥል ሰው ጥላውንም፣ ንቦቹ የሚቀስሙትን አበባም አብሮ ይጥላል። ስለዚህ ለፈተና የሚሆነው እንጨት ከበርና ከሣጥን ሥራ የተረፈ ቁራጭ ነው። አንድ ክንድ የማይሞላ ጣውላ ይበቃል።

መጀመሪያ፣ ጥሩ ራኬት ምን ዓይነት ነው? እጅ እንዳያዝል ቀላል መሆን አለበት። ኳሷን በደንብ እንዲመልስ ደረቅ ያለ፣ የማይለምጥ መሆን አለበት። መሰንጠቅም መጣመምም የለበትም። ችግሩ እነዚህ ጠባዮች ሁልጊዜ በአንድ እንጨት ላይ አይገኙም። የጠነከረው ይከብዳል፤ የቀለለው ይለሰልሳል። ስለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ አንድ እንጨት አለ ብሎ መነሣት አያዋጣም።

አሁን ወደ ፈተናው እንግባ። ሁለት በሬዎች ሲወዳደሩ አንዱ ጠግቦ ሌላው ተርቦ ቢያድር፣ የበሬዎቹን ጉልበት አወቅን ማለት እንችላለን? አንችልም። የጥጋብና የረኀብ ልዩነት ነው ያየነው። በራኬትም እንደዚያው ነው። የዋንዛው ራኬት ወፍራም፣ የወይራው ቀጭን ከሆነ ውፍረትን አነጻጸርን እንጂ እንጨትን አላነጻጸርንም። ስለዚህ ሁሉም ራኬቶች በአንድ ልክ ይሠሩ። ፊታቸው 15 ሳንቲ ሜትር ወርድ፣ 16 ሳንቲ ሜትር ቁመት ይኑረው፤ እጀታቸው 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። ከአንድ ወጥ ጣውላ ሲሠሩ ውፍረቱ 9 ወይም 10 ሚሊ ሜትር ቢሆን ይሻላል፤ ይኸውም ከእርሳስ ውፍረት ጥቂት ይበልጣል።

ድርቀታቸውም እኩል ይሁን። እርጥብ እንጨት ይከብዳል፣ ኋላም ይጣመማል። መድረቁን ለማወቅ በጥላ ቦታ አስቀምጦ በየሳምንቱ መመዘን ነው። ክብደቱ መቀነሱን ሲያቆም ደርቋል። ፀሐይ ላይ ወይም እሳት አጠገብ አስቸኩሎ ማድረቅ ያሰነጥቀዋል። ሚዛን የሌለው ሰው ቀጥ ያለ ዘንግ መካከሉ ላይ በገመድ ያንጠልጥል፤ ዘንጉ እኩል ሲቆም ሁለቱን ራኬቶች በሁለቱ ጫፎች ይስቀል። የከበደው ይወርዳል። ስንት ግራም እንደሆነ ባይታወቅም የትኛው እንደሚከብድ ይታወቃል፤ ለጊዜው የሚፈለገውም ይኸው ነው።

ቀጥሎ በየራኬቱ ላይ ፊደል ይጻፍ፦ ሀ፣ ለ፣ ሐ፣ መ። የእንጨቱ ስም ግን አይጻፍ። ለምን ቢባል ስም ሰውን ይገዛል። ወይራ መሆኑን ያወቀ ሰው ገና ሳይመታ «ይሄ ነው ራኬት!» ማለቱ አይቀርም። የትኛው ፊደል የትኛው እንጨት እንደሆነ የሚያውቀው አናጢው ብቻ ይሁን፤ እሱም ፈተናው እስኪያልቅ ዝም ይበል። ዝም የሚል አናጢ ከተገኘ ማለቴ ነው።

የመጀመሪያው ፈተና በጆሮ ነው። እንስራ የምትገዛ እናት በጣቷ አንኳኩታ እንደምትሰማው ሁሉ ራኬቱም ይንኳኳ። እጀታውን ብቻ ይዞ ፊቱን መምታት ነው። ቀጠን ብሎ የሚጮኸው ጥንካሬ አለው። ድፍን ያለ ድምፅ የሚሰጠው ወይ ለስላሳ ነው፣ ወይ ውስጡ ተሰንጥቋል።

ሁለተኛው ፈተና በኳስ ነው። ግድግዳ ላይ በከሰል ሳንቲ ሜትር ይሰመር። የራኬቱ እጀታ ብቻ ጠረጴዛ ላይ በከባድ ድንጋይ ተጭኖ ይያዝ፤ ፊቱ ከጠረጴዛው ወጥቶ ይዋል። ከዚያ ኳሷ ከራኬቱ 30 ሳንቲ ሜትር ከፍ ካለ ቦታ ትለቀቅ እንጂ አትወርወር። አንድ ሰው ይልቀቅ፤ ሌላው ጎንበስ ብሎ ስንት ነጥራ እንደተነሣች ይይ፤ ሦስተኛው ይጻፍ። አንድ ጊዜ ብቻ ሞክሮ መፍረድ አይገባም። ለምሳሌ በራኬት ለ ላይ አምስት ጊዜ ተሞክሮ ይህ ተጻፈ እንበል፦ 20፣ 21፣ 19፣ 28፣ 20። ቁጥሮቹ ከትንሽ ወደ ትልቅ ይደርደሩ፦ 19፣ 20፣ 20፣ 21፣ 28። መካከለኛው 20 ነው፤ እሱ ይያዝ። ደምረን ለአምስት ብናካፍል 21 ከ6 አሥረኛ ይመጣ ነበር፤ ያቺ አንዲት 28 ጎተተችው ማለት ነው። በጨዋታው ደንብ ደኅና ኳስ ከ30 ሳንቲ ሜትር ተኩል ከፍታ ብረት ላይ ስትወድቅ እንኳ ከ24 እስከ 26 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው የምትነሣው። እንግዲህ 28 ያየው ዓይን ተሳስቷል፣ ወይም ኳሷ ተወርውራለች።

ሦስተኛው መጫወት ነው። ተጫዋቾቹ ራኬቶቹን እየተቀያየሩ ይምቱ፤ የወደዱትን ፊደል ሳይነጋገሩ በየወረቀታቸው ይጻፉ። ከተነጋገሩማ አንደበተ ርቱዑ ያሸንፋል።

አሁን ስለ እንጨቶቹ ጠባይ የሚታወቀውን እንይ። ወይራ ጠንካራና ከባድ ነው። በአንድ ልክ ቢሠሩ የዋንዛን እጥፍ ያህል ሊከብድ ይችላል። ምቱ ብርቱ ይሆናል፤ የእጅ አንጓ ግን ቶሎ ይደክማል። ለዱላና ለእጀታ የከበረው ወይራ እዚህ ላይ ባይመረጥ አይግረማችሁ። ዋንዛ ለመላጊያ ይመቻል፣ ይቀላል፣ በደንብ ከደረቀ እምብዛም አይጣመምም፤ በእኔ ግምት ለጀማሪ የሚስማማው እሱ ነው። ባሕር ዛፍ በየመንደሩ ይገኛል፤ ነገር ግን ሲደርቅ መጣመምና መሰንጠቅ ይወዳል። ቀጭን ጣውላው ቶሎ ይቆለመማል።

ጥድ ለብቻው የሚነገርለት ነው። ጃፓኖች ሂኖኪ ከሚባል ዛፍ አንድ ወጥ ራኬት ይሠራሉ፤ ሂኖኪና የእኛ ጥድ በዛፍ አመዳደብ ከአንድ ቤተሰብ ናቸው። ይሁንና ጥድ በቃጫው አቅጣጫ በቀላሉ ይፈለጣል። ስለዚህ ቃጫው ከእጀታው ወደ ጫፉ እንዲሄድ ተደርጎ ይቆረጥ። አግድም ከሄደ እጀታው በመጀመሪያው ምት ይቀነጠሳል።

የፋብሪካ ራኬት ይህን ችግር በሌላ መንገድ ያልፈዋል። አብዛኛውን ጊዜ 5 ወይም 7 ስስ ጣውላዎች ይደራረባሉ፤ የአንዱ ቃጫ ቁመቱን ሲሄድ የሚቀጥለው አግድም ይሄዳል። የአንዱን ድክመት ሌላው ይሸፍነዋል። ኮምፔርሳቶም የሚሠራው በዚሁ ዘዴ ነው። በዚህ መንገድ 6 ሚሊ ሜትር ያህል ውፍረት ይበቃል፤ እንጨቱም ብዙውን ጊዜ ከ80 እስከ 90 ግራም ብቻ ይመዝናል። ጎበዝ አናጢ ሦስት ስስ ጣውላ ልጎ በኮላ አጣብቆ ሊሞክረው ይችላል።

እንጨት ብቻውን ግን ሁሉን አይወስንም። በ1944 ዓ.ም. ሕንድ አገር ቦምቤይ ከተማ በተደረገው የዓለም ውድድር ሳቶ የሚባል ጃፓናዊ በወፍራም ስፖንጅ የተሸፈነ ራኬት ይዞ ቀረበ። ኳሷ ስትመታ እንደ ልማዱ አትጮህም፤ ተጋጣሚዎቹ ግራ ገባቸውና ሳቶ ሻምፒዮን ሆነ። ዛሬ በይፋ ውድድር የሚመታበት ፊት በደንቡ የተፈቀደ ጎማ ሊለጠፍበት ግድ ነው፤ ባዶ እንጨት ለሰፈር ጨዋታ ብቻ ይሆናል። የእንጨቱም ውፍረት ከ100 እጅ ቢያንስ 85 እጁ የተፈጥሮ እንጨት እንዲሆን ደንቡ ያዛል። ጎማ ከተለጠፈበት በኋላ የራኬቱ ክብደትም የኳሷ አነጣጠርም ስለሚለወጥ፣ ፈተናው እንደገና ከራኬት ሀ ይጀመራል።