በመቀቀል የሚጠፋና የማይጠፋ የአትክልት መርዝ

አትክልት፣ ከጓሮ የተለቀመም ሆነ ከገበያ የተገዛ፣ ለጤና እጅግ ጠቃሚ ነው። ሆኖም አንዳንዶቹ ተክሎች ራሳቸውን ከተባይ የሚከላከሉበት መርዝ በተፈጥሮ በውስጣቸው ይገኛል። ይህ ሰው የረጨው መድኃኒት ስላልሆነ በማጠብ አይለቅም። አንዳንዱን እሳት ያጠፋዋል፤ አንዳንዱን ግን አያጠፋውም።

ድንች ብርሃን ሲያገኘው ቆዳው አረንጓዴ ይሆናል። ቀለሙ ራሱ አይጎዳም፤ ነገር ግን ሶላኒን የሚባለው መርዝ መጨመሩን ያመለክታል። ሶላኒን በተለይ በቆዳውና በቡቃያው ዙሪያ ይከማቻል፤ መቀቀልም አያጠፋውም። ማስመለስ፣ የሆድ ቁርጠትና ተቅማጥ ያስከትላል። ሕፃናት ሰውነታቸው ትንሽ ስለሆነ ቶሎ ይጎዳሉ። ጥቂት አረንጓዴ ወይም ቡቃያ ያለበትን ክፍል በጥልቀት ቆርጣችሁ ጣሉ፤ አረንጓዴው ከበዛ ወይም ድንቹ ከመረረ ሙሉውን ጣሉት። ድንችን ፀሐይ በሚመታው በረንዳ ላይ አታስቀምጡ፤ ጨለማና ቀዝቃዛ ቦታ ይስማማዋል። በጓሮ የምትተክሉም ሥሩን በአፈር ሸፍኑት። ቲማቲም የሚመስለውን የድንች ፍሬ ልጆች እንዳይበሉ ተጠንቀቁ።

ቀይ ቦሎቄ (አደንጓሬ) ከዚህ የተለየ ነው። በኢትዮጵያ ሳላችሁ በሰንበት እሳት ስለማይነካ ምግቡ ቀዝቅዞ ይበላ ነበር። በእስራኤል ግን ብዙ ቤተሰቦች ዓርብ ዕለት ሐሚን የሚባለውን ወጥ ፕላታ በሚባለው የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ላይ አስቀምጠው ያሳድራሉ። ልማዱ መልካም ነው፤ ችግሩ ጥሬ ቦሎቄ ሲጨመርበት ነው። ሳይፈላ በዝግታ ብቻ የሚሞቅ ቦሎቄ መርዙ አይጠፋም፤ እንዲያውም ሊብስ ይችላል። በሚገባ ያልበሰለ 4 ወይም 5 ፍሬ እንኳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ ብርቱ ትውከት ሊያስነሣ ይችላል። ስለዚህ ቦሎቄውን ቢያንስ 5 ሰዓት ዘፍዝፉት፤ ውኃውን ድፉና በአዲስ ውኃ 30 ደቂቃ እየተንፈቀፈቀ ይፍላ። ከዚያ በኋላ ወደ ሐሚኑ ጨምሩት። በቆርቆሮ የታሸገው ቀድሞ ስለተቀቀለ አያሰጋም።

ዝኩኒም አልፎ አልፎ፣ በተለይ ከጓሮ የተገኘው፣ እጅግ ይመርራል። ቅልን የምታውቁ እናቶች ይህ ጠባይ አዲስ አይሆንባችሁም። ምሬቱ መርዝ ነው፤ ቢቀቀልም አይለቅም። ቀምሳችሁ ከመረረ ትፉት፤ በቅመምና በጨው ልትሸፍኑት አትሞክሩ።

ከቤተሰቡ አንድ ሰው እንዲህ ካለ ምግብ በኋላ ቢታመም በግድ እንዲያስመልስ አታድርጉ። ወደ ኩፓት ሆሊም ሐኪም ውሰዱት፤ ሕመሙ ከበረታ ወይም ከደከመ በ101 ደውላችሁ መጌን ዳዊድ አዶምን ጥሩ። የተረፈውን ምግብ አትድፉ፤ ለሐኪሙ አሳዩት።