ከጓሳ ምን እንማራለን?

በዛሬው ትምህርታዊ ዓምዳችን የበጎ ፈቃድ ክበብ አካባቢን እንዴት ሊጠብቅ እንደሚችል እናያለን።

አካባቢ ጥበቃ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ችግኝ መትከል ነው። መትከሉ ጥሩ ነው። ግን ሐምሌ ላይ ከተከልነው ስንቱ ጥር ላይ ቆሞ ተገኘ? ስንቱንስ ፍየል በላው? የሚቆጥርና የሚጠብቅ ከሌለ እኮ ልፋታችን ከንቱ ነው።

ለዚህ ትምህርት ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ጓሳ ደጃችን ነው። ጓሳ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር የሚበልጥ ከፍታ ያለው፣ ስፋቱ 100 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ ደጋ ነው። የጓሳ ሣር ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል፤ ከብትም ይበላዋል። ሣሩ የዝናቡን ውኃ ስለሚይዝ ምንጮቻችን በበጋ ቶሎ አይደርቁም።

የጓሳ ጥበቃ የተጀመረው በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አስቦና ገራ በተባሉ አባቶች ዘመን እንደሆነ ይነገራል። ሥርዓቱ ቀሮ ይባል ነበር። በቀሮ ሥርዓት ጓሳው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይዘጋ ነበር። ያኔ ማጨድም ማሰማራትም ክልክል ነበር። ሣሩ ሲደርስ ሕዝቡ ተመካክሮ በበጋ ይከፍተው ነበር፤ ክረምት ሲገባ ደግሞ ይዘጋ ነበር። ደንቡን የጣሰ ይቀጣ ነበር።

በ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ ሲታወጅ የቀሮ ሥርዓት ፈረሰ። ጠባቂ ሲጠፋ ሁሉም እንደፈለገ ገባበትና ጓሳው ተጎዳ። በኋላ ግን ሕዝቡ ከየቀበሌው ኮሚቴ መርጦ፣ መተዳደሪያ ደንብ አውጥቶ፣ ጠባቂ መድቦ መልሶ ያዘው። ዛሬ ጓሳ በሕግ የታወቀ የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው።

እንግዲህ የእኛ ክበብ ከዚህ የሚከተሉትን መማር ይችላል፦

1ኛ. ከመትከል በፊት ደንብ ማውጣት። ማን ያጥራል? ማን ውኃ ያጠጣል? ከብት ያስገባ ምን ይደረጋል? ይህን ከወላጆች ጋር ሆኖ መወሰን ነው።

2ኛ. መሬትን ማሳረፍ። የተጎዳ ቦታ ከከብት ከተከለለ ሣሩ ራሱ ይመለሳል። ችግኝ እንኳ ላያስፈልገው ይችላል።

3ኛ. በተራ መጠበቅና መቁጠር። በየወሩ የጸደቀውን ቆጥሮ በሰልፍ ላይ መናገር።

4ኛ. ውሾቻችንን ማስከተብ። ጓሳ የቀይ ቀበሮ መኖሪያ ነው። ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም አይገኝም፤ በጠቅላላው የቀረው ወደ 500 ገደማ ነው። የእብድ ውሻ በሽታ ከቤት ውሻ ተላልፎ ይፈጀዋል። ውሻ ወደ ጓሳ ይዞ አለመሄድም ጥበቃ ነው። ቀበሮው አይጥ ስለሚበላ ለገበሬውም ወዳጁ ነው።

አባቶቻችን ጓሳን ያቆዩልን ስለዘጉትና ስለጠበቁት ነው። እኛም የተከልነውን ብቻ ሳይሆን ያሳደግነውን እንቁጠር። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር!

ጥያቄዎች
ሀ. በቀሮ ሥርዓት ጓሳ ለስንት ዓመት ይዘጋ ነበር?
ለ. ከ1967 ዓ.ም. በኋላ ጓሳ ለምን ተጎዳ?
ሐ. በሰፈራችሁ ተከልሎ ማረፍ ያለበት ቦታ የትኛው ነው? አያቶቻችሁን ጠይቃችሁ ጻፉልን።