ሥራውን እንጂ ቁልፉን አትስጥ

(ትናንሽ ንግድ ቤቶች የኮምፒዩተራቸውን አስተዳደርና ጥገና በውል ስለማሠራታቸው የቀረበ ጥናት)

እህል ያለው ሰው ሁሉ የራሱን ወፍጮ አይተክልም። እህሉን አስጭኖ ወደ ወፍጮ ቤት ይልካል፤ ዋጋውን ከፍሎ ዱቄቱን ይወስዳል። ይህን በማድረጉ ማንም ሰነፍ አይለውም። ነገር ግን እህሉን ሳያስመዝን የሚልክ፣ ዱቄቱም ሲመጣለት ጆንያውን ፈትቶ የማያይ ባለቤት ቢገኝ ጎረቤቱ ሁሉ ይታዘበዋል። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ጉዳይ ከዚህ ምሳሌ የራቀ አይደለም።

በዛሬው ጊዜ አንድ መድኃኒት ቤት፣ አንድ የሕንጻ መሣሪያ መደብር ወይም አንድ ማተሚያ ቤት ያለ ኮምፒዩተር ውሎ ማደር አይሆንለትም። የዕቃው ዝርዝር፣ የዱቤው መዝገብ፣ የሠራተኛው ደመወዝ፣ የግብሩ ሰነድ ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። መኪናውን የሚያስተዳድር ባለሙያ ግን በቤቱ የለም። ስለዚህ ሥራው ለውጭ ባለሙያ በውል ይሰጣል። ፈረንጆች ይህን አሠራር አውትሶርሲንግ ይሉታል፤ እኛ በዚህ ጽሑፍ «በውል ማሠራት» እንለዋለን። ሥራውን ለሌላ መስጠት ተገቢ መሆኑን አንጠራጠርም። መመርመር የሚገባው ከሥራው የትኛው እንደሚሰጥና የትኛው ከባለቤቱ እጅ መውጣት እንደሌለበት ነው።

አሠራሩ ከየት መጣ?

በ1962 እ.ኤ.አ. ሮስ ፔሮ የተባለው አሜሪካዊ በዳላስ ከተማ ኤሌክትሮኒክ ዳታ ሲስተምስ የሚባል ኩባንያ አቋቋመ። ይህ ኩባንያ የሌሎችን ድርጅቶች የኮምፒዩተር ሥራ በውል ይዞ መሥራትን ሙያው አደረገ። በ1989 እ.ኤ.አ. ደግሞ የፎቶግራፍ ፊልም አምራቹ ኮዳክ የኮምፒዩተር ማእከሉን ሥራ ለአይ.ቢ.ኤም. ሰጠ። ያን የሚያህል ኩባንያ የራሱን ኮምፒዩተር ለሌላ አሳልፎ መስጠቱ በጊዜው ብዙዎችን አስደነቀ፤ ከዚያ በኋላ ግን ሌሎችም ፈለጉን ተከተሉ። ኢንተርኔት ከተስፋፋ ወዲህ አንድ ባለሙያ ከቢሮው ሳይነሣ የብዙ ንግድ ቤቶችን ኮምፒዩተር በርቀት ማስተዳደር ስለቻለ፣ ለትልልቆቹ ብቻ የነበረው አገልግሎት ሦስትና አራት ኮምፒዩተር ላለው ነጋዴም ደረሰ።

የአገራችን ነጋዴም ለነገሩ እንግዳ አይደለም። በሽያጭ መመዝገቢያ መሣሪያ የመጠቀም ግዴታን የደነገገው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 139/1999 ከወጣ ወዲህ፣ ባለሱቁ ከአገልግሎት ማእከል ጋር ውል ገብቶ መሥራትን ለምዷል። እንግዲህ በውል ማሠራት ምን እንደሆነ ከእኛ ይልቅ እርሱ ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

ነጋዴው ሥራውን ለምን ይሰጣል?

ምክንያቱ ግልጽ ነው። አምስት ኮምፒዩተር ያለው ቤት በወር ደመወዝ አንድ ባለሙያ ቢቀጥር፣ ሰውየው አብዛኛውን ቀን ሥራ ፈትቶ ይውላል፤ ከባድ ችግር በመጣ ዕለት ደግሞ ብቻውን አይበቃም። የመረብ ዝርጋታ፣ የሒሳብ ፕሮግራም፣ የቫይረስ መከላከል፣ የማተሚያ ጥገና እያንዳንዳቸው ሙያ ናቸው። በውል የሚሠራ ድርጅት ግን ልዩ ልዩ ባለሙያዎችን ይዞ ጊዜያቸውን ለብዙ ደምበኞች ያካፍላል።

አከፋፈሉ በሁለት ዓይነት ይለያል። አንደኛው ሲበላሽ ጠርቶ ማሠራት ነው። ይህ ርካሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ባለሙያው የሚያገኘው መኪናው በተበላሸ ቍጥር ስለሆነ፣ ብልሽት እንዳይደርስ አስቀድሞ ቢደክም የሚከፍለው የለም። ሁለተኛው ቁርጥ ወርኀዊ ክፍያ ነው። በዚህኛው ብልሽት በበዛ መጠን የሚደክመው ባለሙያው ራሱ ስለሆነ፣ «ሳይቃጠል በቅጠል» የሚለውን ብሂል በተግባር ለማዋል ይገደዳል። ይሁንና ወርኀዊው ክፍያም የራሱ አደጋ አለው። ምንም ሳይበላሽ ወር ባለፈ ጊዜ ባለሙያው ተግቶ ጠብቆት ይሁን ወይም ከነጭራሹ ሳያየው ቀርቶ ይሁን ባለቤቱ ሊለየው አይችልም። ስለዚህ ክፍያው ወርኀዊ ከሆነ ሪፖርቱም ወርኀዊ መሆን ይገባዋል።

በ2013 ዓ.ም. የደረሰው ትምህርት

ሰኔ 25 ቀን 2013 ዓ.ም. (ጁላይ 2 ቀን 2021 እ.ኤ.አ.) ዓርብ ነበረ። አሜሪካኖች የነጻነት በዓላቸውን ለማክበር ሥራ የሚያቆሙበት ሰሞን ነው። በዚያ ዕለት ሬቪል በሚል ስም የሚታወቅ የዘራፊዎች ቡድን፣ መቀመጫው ማያሚ የሆነው ካሴያ ኩባንያ በሠራው ቪ.ኤስ.ኤ. በተባለ ፕሮግራም ውስጥ ቀዳዳ አግኝቶ ገባ። ቪ.ኤስ.ኤ. የውል ባለሙያዎች የደምበኞቻቸውን ኮምፒዩተሮች ከሩቅ ሆነው የሚያስተዳድሩበት መሣሪያ ነው። ዘራፊዎቹ በባለሙያዎቹ በር ገብተው ወደ ደምበኞቹ ቤት ተሻገሩ፤ ፋይሎችንም በምስጢር ቍልፍ ቈልፈው ቤዛ ጠየቁ። ሁሉንም በአንድ ጊዜ ለመክፈት የጠየቁት 70 ሚሊዮን ዶላር ነበር።

ኩባንያው ራሱ እንደገለጸው በቀጥታ የተጠቁት ደምበኞቹ 60 አይሞሉም ነበር። በእነርሱ በኩል ጉዳት የደረሰባቸው ድርጅቶች ግን እስከ 1,500 ይቈጠሩ ነበር፤ ከእነዚህም ብዙዎቹ ትናንሽ ንግድ ቤቶች ናቸው። በስዊድን ኩፕ የተባለው የምግብ ሸቀጥ ድርጅት 800 ያህል ከሚሆኑት መደብሮቹ አብዛኞቹን በማግስቱ ዘጋ፤ የገንዘብ መቀበያ መኪናዎቹ አልሠሩለትምና። ቪ.ኤስ.ኤ.ን ይጠቀም የነበረው የመኪናዎቹ አገልግሎት ሰጭ እንጂ ኩፕ ራሱ አልነበረም። ቁልፉን የሚፈታው መሣሪያ በካሴያ እጅ የገባው ሦስት ሳምንት ገደማ ካለፈ በኋላ ነው።

ከዚህ የምንማረው በውል ማሠራት ክፉ ነው የሚል አይደለም። ራሱን የቻለ ባለሙያ የሌለው ሱቅ ብቻውን ቢሆንም ይጠቃል። የምንማረው ይህ ነው፤ አንድ ባለሙያ የመቶ ቤት ቁልፍ በአንድ ቀለበት አንጠልጥሎ ሲሄድ፣ ቀለበቱ የወደቀ ዕለት መቶውም ቤት ይከፈታል። የራሱ ቅጂ በራሱ ሣጥን ውስጥ የነበረው ነጋዴ ተጎድቶ ተነሣ፤ ሁሉን ለባለሙያው የተወው ግን ባለሙያው እስኪነሣ ድረስ ወድቆ ጠበቀ።

የራሳችን ጥፋት

የሌላውን ስሕተት ብቻ ቈጥረን የራሳችንን ብንሰውር ጥናታችን ቅን አይሆንም። ከእኛ ጥቂቶቻችን ቅዳሜ ቅዳሜ የአንድ መድኃኒት ቤት ኮምፒዩተሮች እንጠብቅ ነበር። ባለቤቷ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። ቫይረስ አጸዳን፤ የሒሳብ ፕሮግራም ጫንን፤ መዝገቡም በየማታው ወደ ሁለተኛ ዲስክ እንዲገለበጥ አደረግን። ሁለተኛው ዲስክ ግን የተገጠመው በዚያው ኮምፒዩተር ውስጥ ነበር። የይለፍ ቃሉን የሚያውቀው ከመካከላችን አንዱ ብቻ ነው። እናታችን «ልጆቼ፣ እናንተ ካላችሁልኝ እኔ ምን ቸገረኝ» ይሉን ነበር፤ እኛም እንደ ምስጋና ቈጥረን ደስ እያለን እንሄዳለን።

የይለፍ ቃሉን የያዘው ወንድማችን ተመርቆ ወደ ክፍለ ሀገር ለሥራ ሄደ፤ የስልክ ቍጥሩንም ለወጠ። በክረምቱ መብራት ጠፍቶ ሲመለስ ኃይሉ በርትቶ መጣና ኮምፒዩተሩን ከነሁለት ዲስኩ አቃጠለው። ደርሰን ብንከፍተው የምናድነው ነገር አላገኘንም። የጠፋው የዕቃ ዝርዝር በቈጠራ ተመለሰ። የዱቤው መዝገብ ግን አልተመለሰም። የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ወስደው ደመወዝ ሲቀበሉ የሚከፍሉ የሰፈር ሰዎች ሒሳብ ነበር። አንዳንዶቹ ራሳቸው መጥተው «ይህን ያህል አለብኝ» አሉ፤ አንዳንዶቹ ዝም አሉ። እናታችን በደብተር እያስታወሱ ብዙ ቀን ጻፉ። እኛን አልተቈጡንም። «ልጆቼ፣ ከእንግዲህ ወዲህ ባይገባኝም ጻፉልኝ» አሉን። ይህ ጽሑፍ የተነሣው ከዚያ ቃል ነው።

በውሉ ውስጥ ምን ይጻፍ?

ሀ. የቁልፍ ዝርዝር። ከሁሉ በላይ የሆነው የይለፍ ቃል፣ የኢሜይሉ ሒሳብና የፕሮግራሙ ፈቃድ በንግድ ቤቱ ስም ይመዝገቡ፤ የኢንተርኔት አድራሻው ስም (ዶሜይን) በባለሙያው ስም እንዳይመዘገብ ልዩ ጥንቃቄ ይደረግ። ዝርዝሩ በወረቀት ተጽፎ በታሸገ ፖስታ ከገንዘብ ሣጥኑ ይቀመጥ። ቁልፉን የሚያውቅ ሰው ሥራውን ሲለቅ ቁልፉ ይለወጥ።

ለ. ቅጂ። «አንድ ዐይን ያለው በአፈር አይጫወትም።» የታወቀው ሕግ መዝገቡ በሦስት ቅጂ፣ በሁለት ዓይነት ማኖሪያ፣ አንዱም ከቤቱ ውጭ እንዲቀመጥ ያዝዛል። መጋቢት 1 ቀን 2013 ዓ.ም. በፈረንሳይ አገር በስትራስቡርግ ከተማ ኦ.ቪ.ኤች. የተባለው ኩባንያ የኮምፒዩተር ሕንጻ ሲቃጠል፣ ቅጂያቸውን በዚያው ግቢ ብቻ ያኖሩ ደምበኞች ዋናውንም ቅጂውንም አብረው አጡ። ደግሞም አንዱ ቅጂ ከመረብ የተነቀለ ይሁን፤ ዘራፊ የሚደርሰው ገመዱ እስከሚደርስበት ድረስ ነውና። ቅጂ መኖሩ ብቻ አይበቃም። በሦስት ወር አንድ ጊዜ የአንድ ቀን መዝገብ ባለቤቱ እያየ ከቅጂው ተመልሶ ይከፈት።

ሐ. ጊዜ። «ቶሎ እንደርሳለን» የሚል ቃል ውል አይባልም። ለጥሪው መልስ የሚሰጥበት ሰዓትና ሥራው ተመልሶ የሚቀጥልበት ሰዓት ተለይተው ይጻፉ። በመቶኛ የተነገረውንም ወደ ሰዓት መመንዘር ነው። ወሩ 720 ሰዓት ነው፤ «99 በመቶ ይሠራል» ማለት በወር 7 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ሊቆም ይችላል ማለት ነው። 99.9 በመቶ ከሆነ 43 ደቂቃ ያህል ነው። 7ቱ ሰዓት በገበያ ቀን ቢውል ምን እንደሚሆን ባለሱቁ ራሱ ያስላው።

መ. በር። ባለሙያው በርቀት የሚገባበት መንገድ ለሚያስፈልገው ሥራ ብቻ ይከፈት፤ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንደገባም ይመዝገብ። ለመግባት ከይለፍ ቃሉ በተጨማሪ በስልክ የሚመጣ ማረጋገጫ ይጠየቅ።

ሠ. ሪፖርት። በየወሩ በቀላል አማርኛ የተጻፈ አንድ ገጽ ይቅረብ፤ ቅጂው መቼ ተወሰደ፣ ምን ተበላሸ፣ ምን ታደሰ፣ ምን ያሰጋል።

ረ. መውጫ። ሲጋቡ ስለ ፍቺ መናገር ያስነውራል፤ በውል ግን ያለ መውጫ መግባት ነው የሚያስነውረው። ውሉ ሲያበቃ ባለሙያው መዝገቡን ሌላ ፕሮግራም ሊያነበው በሚችል መልክ በስንት ቀን እንደሚያስረክብ፣ በእጁ የቀረውንም እንደሚያጠፋ ይጻፍ።

የሚቀርቡ ተቃውሞዎች

«ይህን ሁሉ ብጠይቀው ባለሙያው አላመነኝም ብሎ ይቀየማል» የሚል ነጋዴ አይጠፋም። ነገሩ ግን በተቃራኒው ነው። ቁልፉን ብቻውን የያዘ ሰው አንድ ነገር በጠፋ ጊዜ ጥርጣሬው ሁሉ በእርሱ ላይ ያርፋል። የተጻፈ ዝርዝር ባለቤቱን እንደሚጠብቅ ሁሉ ባለሙያውንም ይጠብቃል።

ሌላው «የእኅቴ ልጅ በነጻ ይሠራልኛል» ይላል። የዘመድ ልጅ መርዳቱ መልካም ነው። ነገር ግን በነጻ የሚሠራን ሰው ሪፖርት አምጣ ማለት ያሳፍራል፤ ካላመጣም መውቀስ አይቻልም። በነጻም ቢሆን ከላይ የጻፍናቸው ስድስት ነጥቦች ይጻፉ።

ሦስተኛው ወገን «ከፍያለሁና ኃላፊነቱ የእርሱ ነው» ይላል። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 እንኳ በመረጃው የሚያዝዘውንና በትእዛዙ የሚሠራውን ለያይቶ ነው የሚያያቸው። ታማሚው መድኃኒቱን የገዛው ከመድኃኒት ቤቱ ነው፤ ምስጢሩ ቢወጣ የሚጠይቀው የማያውቀውን ቴክኒሺያን አይደለም።

ለእኛ ለተማሪዎች

ውድ አንባቢያን፣ ከእኛ ብዙዎቹ ነገ ይህን ሥራ የሚይዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹም ዛሬውኑ ይዘውታል። ባለቤቱ ስለማያውቅ እኛ ብቻ ማወቃችን ለጊዜው ያኰራል፤ እንጀራም ያስገኝ ይሆናል። ነገር ግን እኛ በሌለንበት ቀን የሚቆም ሥራ ሠርተን ከሆነ በደንብ አልሠራንም። የመድኃኒት ቤቷ ደብተር ዛሬ ስድስት ገጽ ነው፤ ከገንዘብ ሣጥኑ ሥር ተቀምጧል። ሌሎቻችሁም ከመመረቃችሁ በፊት እንዲህ ያለ ደብተር ጽፋችሁ እንድታስረክቡ እንጠይቃለን።

ለውይይት የቀረቡ ጥያቄዎች

1. በአቅራቢያችሁ ያለ አንድ ንግድ ቤት ባለሙያው ነገ ባይመጣ ምን ምን ሥራ ይቆምበታል? ባለቤቱን ጠይቃችሁ ዘርዝሩ።

2. ለዚያ ቤት የሚስማማው ሲበላሽ መክፈል ነው ወይስ ወርኀዊ ክፍያ? ምክንያታችሁን ስጡ።

3. የቤቱ መዝገብ ከቅጂ ተመልሶ የተከፈተው መቼ ነው? መልሱ «ከቶ አልተሞከረም» ከሆነ በዚህ ቅዳሜ ከባለቤቱ ጋር ሞክሩት።