ትምህርት ዐሥራ ሁለት፦ የሰማይ በር እንዴት ይከፈታል?

ሀ. ምንባብ

አንድ አየር መንገድ ዘመናዊ አውሮፕላኖች ቢኖሩት፣ የሠለጠኑ አብራሪዎች ቢቀጥር፣ ቲኬት ለመቁረጥ የተሰለፉ መንገደኞች ቢያገኝ ወደ ፈለገው አገር መብረር የሚችል ይመስላችኋልን? አይችልም። ድንበር ተሻግሮ ለመነገድ ከአውሮፕላንና ከነዳጅ አስቀድሞ የሚያስፈልገው መብት ነው። ይህን መብት ተደራድረው የሚሰጣጡት መንግሥታት እንጂ አየር መንገዶች አይደሉም።

ነገሩ የሚጀምረው ከሰማይ ባለቤትነት ነው። በ1912 ዓ.ም. በፓሪስ፣ በኋላም ኅዳር 28 ቀን 1937 ዓ.ም. በአሜሪካ በቺካጎ ከተማ የተፈረሙት ስምምነቶች እያንዳንዱ አገር ከግዛቱ በላይ ባለው አየር ላይ ሙሉ ሥልጣን እንዳለው አረጋግጠዋል። መርከብ በሌላ አገር ጠረፍ አጠገብ ጉዳት ሳያደርስ ለማለፍ በባሕር ሕግ ተፈቅዶለታል። መደበኛ የመንገደኛ አውሮፕላን ግን የአገሩ መንግሥት ካልፈቀደ በስተቀር በሰማዩ ላይ ማለፍ እንኳ አይችልም።

በቺካጎው ጉባኤ ኢትዮጵያን ጨምሮ ከ50 የሚበልጡ አገሮች ተካፍለው ነበር። ብዙ አውሮፕላን የነበራት አሜሪካ ሰማዩ ለውድድር ክፍት እንዲሆን ስትሻ፣ በጦርነቱ የተዳከመችው ብሪታንያ በረራው በቁጥጥር እንዲከፋፈል ፈለገች። ስምምነት ስላልተገኘ የንግድ በረራን ጉዳይ አገሮች ሁለት ሁለት ሆነው እንዲዋዋሉበት ተተወ። እነዚሁ ሁለት መንግሥታት በ1938 ዓ.ም. በቤርሙዳ የተፈራረሙት ውልም ለብዙ አገሮች አርአያ ሆነ።

የሚሰጡት መብቶች «የአየር ነጻነቶች» ይባላሉ። ዋና ዋናዎቹ አምስት ናቸው። አንደኛው ሳያርፉ በሌላ አገር ሰማይ ላይ ማለፍ ነው። ሁለተኛው ለነዳጅ ወይም ለጥገና ማረፍ ነው፤ በዚህ ጊዜ መንገደኛ መጫንም ማውረድም ክልክል ነው። ሦስተኛው ከራስ አገር የተሳፈሩትን በሌላ አገር ማውረድ፣ አራተኛው ደግሞ ከዚያ አገር መንገደኛ ጭኖ ወደ ራስ አገር መመለስ ነው። አምስተኛው፣ በሁለት የውጭ አገሮች መካከል መንገደኛ ማመላለስ ሲሆን፣ ጉዞው ከራስ አገር የሚነሣ ወይም በራስ አገር የሚያበቃ መሆን አለበት። ለምሳሌ የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከ2007 ዓ.ም. ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት ከአዲስ አበባ በደብሊን በኩል ወደ ሎስ አንጀለስ ሲበር፣ በአየርላንድ የተሳፈሩ መንገደኞችን አሜሪካ ያደርስ ነበር። ለማግኘት እጅግ የሚያስቸግረው ይህ አምስተኛው መብት ነው፤ ባለቤቶቹ አገሮች ገበያቸውን ለሦስተኛ ወገን የሚያካፍሉበት ነውና።

ተደራዳሪዎች በውሉ ላይ ብዙ ነገር ይወስናሉ፦ የትኞቹ ከተሞች እንደሚገናኙ፣ በሳምንት ስንት ጊዜ እንደሚበረር፣ እያንዳንዱ መንግሥት የትኛውን አየር መንገድ እንደሚወክል። መሠረቱ ሰጥቶ መቀበል ነው፤ አንዱ አገር በሩን የሚከፍተው ሌላውም በሩን ይከፍትለት ዘንድ ነው።

በፍቅር የተከፈተ በር በጠብ ይዘጋል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ሲያደርግ መንገዱ በአሥመራ በኩል ነበር። ከዘመናት በኋላ፣ በ1990 ዓ.ም. በኢትዮጵያና በኤርትራ መካከል ጦርነት ሲነሣ፣ የአዲስ አበባና የአሥመራ በረራ ተቋረጠ። ሐምሌ 11 ቀን 2010 ዓ.ም. እንደገና ሲጀመር ለሃያ ዓመታት የተለያዩ ዘመዳሞች እየተላቀሱ ተገናኙ። በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በረራው ዳግመኛ ቆመ። አውሮፕላኑም አብራሪውም ሳይጠፋ መንገዱ ጠፋ።

የአፍሪካ መንገደኛ ወደ ጎረቤት አገር ለመድረስ አንዳንድ ጊዜ በአውሮፓ ወይም በዐረብ አገሮች ዞሮ ለመሄድ የሚገደደውም አንድም ገበያው ሲያንስ፣ አንድም መንግሥታት መብቱን ሲነፍጉ ነው። ይህን ለማቃለል የአፍሪካ ሚኒስትሮች በ1992 ዓ.ም. በኮት ዲቭዋር በያሙሱክሮ ከተማ ሰማያቸውን እርስ በርስ ለመክፈት ወሰኑ። ጥር 2010 ዓ.ም. ደግሞ 23 አገሮች የጀመሩት የአፍሪካ አንድ የአየር ገበያ በአዲስ አበባ ተመሠረተ። ነገር ግን ፊርማና ተግባር አንድ አይደሉም፤ የራሳቸውን ደካማ አየር መንገድ ከውድድር ለመጠበቅ ሲሉ ቃላቸውን ከመፈጸም የዘገዩ መንግሥታት አሉ።

ለ. የመረዳት ጥያቄዎች

1. መርከብና አውሮፕላን በሌላ አገር ክልል ሲያልፉ የሚለያዩት በምንድን ነው?
2. በቺካጎ ጉባኤ አሜሪካና ብሪታንያ የተለያየ አቋም የያዙት ለምን ነበር?
3. «አውሮፕላኑም አብራሪውም ሳይጠፋ መንገዱ ጠፋ» ሲል ጸሐፊው ምን ማለቱ ነው?

ሐ. ሰዋስው፦ ዐረፍተ ነገርን የሚያያይዙ ቃላት

ከምንባቡ የተወሰዱትን የሚከተሉትን አነጋገሮች አስተውሉ።

«መንግሥታት እንጂ አየር መንገዶች አይደሉም።» እንጂ አንዱን አጽንቶ ሌላውን ያፈርሳል።
«ካልፈቀደ በስተቀር ማለፍ አይችልም።» ካል- እና በስተቀር ተባብረው ብቸኛውን ሁኔታ ያመለክታሉ።
«በሩን ይከፍትለት ዘንድ ነው።» ዘንድ የድርጊቱን ዓላማ ይገልጻል።

በእነዚህ በሦስቱ አያያዦች ስለ ንግድ፣ ስለ ጉርብትና ወይም ስለ ትምህርት ሁለት ሁለት ዐረፍተ ነገር ሥሩ።

መ. ድርሰት

«ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ከበረራ መብት ጋር አዛምዳችሁ በአንድ አንቀጽ አብራሩ። ከዚያም በሚከተለው ርእስ ሦስት አንቀጽ ያለው አከራካሪ ድርሰት ጻፉ፦ «አንድ መንግሥት ሰማዩን ለውጭ አየር መንገዶች መክፈት ይገባዋልን?» በመጀመሪያው አንቀጽ የመክፈትን ጥቅም፣ በሁለተኛው ጉዳቱን፣ በሦስተኛው የራሳችሁን ፍርድ ከነምክንያቱ ግለጹ። ፍርዳችሁ የሚመዘነው በየትኛው ወገን በመቆማችሁ ሳይሆን ባቀረባችሁት ማስረጃ ጥንካሬ መሆኑን አትዘንጉ።