የሰፋ አኦርታ፦ ምን ያሳድገዋል? ምን ያፈነዳዋል?



ለኢድ ወደ ጋይንት፣ ስማዳና እስቴ ስንሄድ የብዙዎቻችንን ደጅ የሚከፍቱልን ስድሳን ያለፉ ወላጆችና አያቶች ናቸው። የዛሬውን ትምህርት ያዘጋጀነው እነሱን አስበን ነው።

አኦርታ ከልብ ተነስቶ በደረትና በሆድ የሚወርደው ትልቁ ደም ወሳጅ ነው። ሆድ ውስጥ ስፋቱ 2 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው፤ ግድግዳው ደክሞ 3 ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ሲሆን አኑሪዝም ይባላል። አንድ ቦታ ላይ ያበጠ የብስክሌት ከመነዳሪን አስቡ። ባበጠ ቁጥር ላስቲኩ ይወጠራል፣ ይሳሳል፣ ይበልጥም ያብጣል። ስለዚህ የመፈንዳት ትልቁ ምልክት ራሱ ስፋቱ ነው። ባብዛኛው ወንዶች ላይ 5.5፣ ሴቶች ላይ 5 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ ቀዶ ሕክምና ይታሰባል። ሴቶችን የሚይዘው ጥቂት ጊዜ ነው፤ ከያዘ ግን በእኩል ስፋት የመፈንዳት ዕድሉ ከወንዶች ይበልጣል። «የወንድ በሽታ ነው» ብለን እናቶችን አንርሳ። ወላጅ፣ ወንድም ወይም እህት የታመመበት ሰውም ሥጋቱ ከፍ ይላል።

ከሁሉ የከፋው ሲጋራ ነው። ትንባሆ የግድግዳውን ተለጣጭ ክሮች ይበላል፤ ማጨሱን የቀጠለ ሰው አኑሪዝም ካቆመው ሰው ፈጥኖ ያድጋል፣ የመፈንዳት ዕድሉም ይጨምራል። ፒፓ የማይለየው አንስታይን ሆዱ ውስጥ የነበረው አኑሪዝም እ.ኤ.አ. በ1948 ታውቆ በ1955 ፈንድቶ ነው የሞተው። ለፈተና ብሎ ጫትና ሲጋራ አንድ ላይ የሚይዝ ጓደኛ ካለን (እንዳለን እናውቃለን) ጫቱ በሚቃምበት ሰዓት ግፊትን ከፍ እንደሚያደርግ እንንገረው።

ሁለተኛው የደም ግፊት ነው። ግፊት አያምም፤ ስለማያምም መድኃኒቱ ይቋረጣል። በረመዳን በተለይ! አባባ «ጾመኛ ነኝ» ብለው ኪኒኑን ከመተው በፊት ሰዓቱ ወደ ኢፍጣርና ሱሑር እንዲዛወር ሐኪማቸውን ይጠይቁ።

ብዙም የማይነገር ሦስተኛ ነገር አለ። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2018 መጨረሻ ሲፕሮፍሎክሳሲንና መሰሎቹ አኑሪዝም ላለባቸው ወይም ለተጋለጡ ሰዎች ሌላ አማራጭ እስካለ ድረስ እንዳይታዘዙ አስጠንቅቋል። ያለ ማዘዣ ከፋርማሲ ገዝተን ለአዛውንት ይዘን አንሂድ። የሚገርመው፣ የስኳር ሕመምተኞች አኑሪዝም ባብዛኛው በዝግታ ያድጋል፤ ያ ግን ስኳርን አያስመሰግነውም።

አኑሪዝም እስኪፈነዳ ድረስ ዝም ይላል። አጫሽ የነበሩ አዛውንት ድንገት ሆዳቸውን፣ ጀርባቸውን ወይም ጎናቸውን በኃይል ካመማቸው፣ ካላባቸውና ራሳቸውን ከሳቱ፣ «ኩላሊት ነው» ብሎ መጠበቅ ወይም ወጌሻ ጠርቶ ማሳሸት አይገባም። ከፈነዳባቸው ብዙዎቹ ሆስፒታል ሳይደርሱ ይሞታሉ፤ ከወገዳ ወይም ከንፋስ መውጫ ተነስቶ በደብረ ታቦር አድርጎ ባሕር ዳር መድረስ ደግሞ የደቂቃዎች መንገድ አይደለም። ሳይፈነዳ ግን ሕመም በሌለው አልትራሳውንድ ይታያል። ከ65 እስከ 75 ዓመት የሆናቸውና በሕይወታቸው ያጨሱ ወንዶች አንድ ጊዜ ቢታዩ ይመከራል። ዘንድሮ ለኢድ ስንገባ አባባን ይዘን ግፊታቸውን እናስለካ፤ ያጨሱ እንደነበርም ለሐኪሙ እኛው እንንገርላቸው፤ እሳቸው አይናገሩትም።