የመጀመሪያው ሺህ ኪሎ ሜትር፦ የባጃጅ ሞተር ሮዳጅ በጅጅጋ

ይህን ምዕራፍ ያስጻፈኝ ጅጅጋ ውስጥ አንድ ጋራዥ በር ላይ ቆሜ ያየሁት ነገር ነው። ወጣቱ ባለባጃጅ ሞተሩን አሳድሶ፣ አዲስ ፒስተንና ፋሻ አስገብቶ ከወጣ ገና ሳምንት አልሞላውም። ሜካኒኩ ሲሊንደሩን ፈተው ወደ ፀሐይ አዞሩለት። ከላይ እስከ ታች የወረዱት ጭረቶች ጥፍር ይይዛሉ። ፒስተኑም አንድ ጎኑ ተልጦ ጠቁሯል።

«አዴር፣ ዕቃው ፎርጅድ ነበር ማለት ነው?» አለ ልጁ።

«ዕቃውስ ደህና ነበር፣ አዴር። አንተ ነህ ያላለማመድከው» አሉት። በጅጅጋ ታናሽ ታላቁን «አዴር» ብሎ ሲጠራ፣ ታላቁም በዚያው ቃል ይመልስለታል።

ልጁ ሰነፍ አልነበረም። የጎዳው ትጋቱ ነው። ለማሳደሻ የተበደረውን ቶሎ ለመመለስ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሦስት ሰው ከነጓዛቸው እየጫነ ከንጋት እስከ ምሽት ሮጠ። የሮዳጅ፣ ማለትም አዲስ የታደሰን ሞተር የማለማመድ፣ ፈተናው እዚህ ላይ ነው፤ ሞተር ትዕግሥት የሚፈልገው ዕዳ በሚበዛብን ሰሞን ነው። ስለዚህ የሮዳጅን ቀናት እንደ ባከነ ጊዜ አይቁጠሯቸው። የሞተሩ ዋጋ አካል ናቸው።

ሮዳጅ ምን ይሠራል?

አዲስ ሲሊንደር ለዓይን ልሙጥ ይመስላል እንጂ ግድግዳው ላይ ሆን ተብሎ የተሠሩ ቀጫጭን የተጠላለፉ መስመሮች አሉት። መስመሮቹ ዘይት ይይዛሉ፤ ጫፎቻቸው ደግሞ ፋሻውን እየሞረዱ ከግድግዳው ጋር ልክ ለልክ ያደርጉታል። ፋሻው በደንብ ሲገጥም የሚነደው ጋዝ ወደ ታች አያመልጥም፣ ዘይቱም ወደ ላይ ወጥቶ አይቃጠልም።

ፋሻውን ወደ ግድግዳው የሚገፋው የጋዙ ግፊት ነው። ስለዚህ ሞተሩ መጠነኛ ሥራ ያስፈልገዋል። ሥራው ከልክ ሲያልፍ ግን ሰበቃው ሙቀት ይፈጥራል፣ ፒስተኑ ያብጣል፣ ዘይቱ ይሳሳል፣ ብረት ብረትን ይነክሳል። አዲስ የታደሰ ሞተርን ለሰዓታት በሚኒሞ ማቆየት «ያለማምደዋል» የሚሉም አሉ። ይህ ስህተት ነው። በቂ ግፊት በሌለበት ፋሻው ሳይገጥም ግድግዳው ብቻ ይለሰልሳል፤ ሞተሩም ገና በአዲስነቱ ዘይት መብላት ይጀምራል።

ሕጉ ለትንሹም ለትልቁም ሞተር አንድ ነው። በሬዲዮ እየተመሩ የሚሽቀዳደሙ ትናንሽ መኪኖች አሉ። የብዙዎቹ ሞተር 3.5 ሲሲ ገደማ ሲሆን፣ ነዳጃቸው ሜታኖል፣ ናይትሮሜቴንና ዘይት የተቀላቀለበት ነው፤ በደቂቃ ከ30,000 ዙር በላይ ይሽከረከራሉ። አብዛኞቹ ፋሻ የላቸውም። ሲሊንደራቸው ወደ ላይ ጠበብ ብሎ ስለሚሠራ አዲሱ ፒስተን ሲቀዘቅዝ አናቱ ላይ ይጠብቃል፤ ልኩን የሚያገኘው ሲሞቅ ነው። ባለቤቶቹም መጀመሪያ ላይ ነዳጁን ከአየሩ አንጻር አብዝተው፣ እያሞቁና እያቀዘቀዙ ያለማምዱታል። ዘይቱ ከነዳጁ ጋር ስለሚገባ፣ ነዳጅ ያነሰው ሞተር ዘይትም አንሶታል ማለት ነው። ያንን ሞተር አቻኩለው ከነዱት በደቂቃዎች ውስጥ ይበላሻል። የባጃጁ ሞተር ታጋሽ ስለሆነ ጉዳቱን ቶሎ አይናገርም እንጂ መጎዳቱስ ይጎዳል።

የሮዳጅ አካሄድ

አንደኛ፣ ጠዋት ከማስነሳትዎ በፊት ዘይቱን ይዩ። ሲነሳ ዘይቱ እስኪዳረስ አንድ ሁለት ደቂቃ ይጠብቁና ቀስ ብለው ይውጡ።

ሁለተኛ፣ ለመጀመሪያዎቹ 500 ኪሎ ሜትሮች አንድ ወይም ሁለት ሰው ብቻ ይጫኑ፤ ከዚያ እስከ 1,000 ጭነቱን ቀስ በቀስ ይጨምሩ። ውሃ የሞላ ባለ20 ሊትር ጀሪካን 20 ኪሎ ያህል እንደሚመዝን አይርሱ፤ አምስቱ 100 ኪሎ ነው። ጅጅጋ ሜዳ ላይ ያለች ከተማ መሆኗ እዚህ ላይ ይጠቅማል። የካራማራን አቀበት ግን ሮዳጁ እስኪያልቅ ይተዉት።

ሦስተኛ፣ ፍጥነትዎን ይለዋውጡ። እስከ ግማሽ ነዳጅ ይስጡ፣ ጥቂት ይሂዱ፣ ይልቀቁ። ሲሰጡ ፋሻው ይገፋል፣ ሲለቁ ዘይት ይዳረሳል። በትልቅ ማርሽ ሞተሩ እየተንገጫገጨ እንዲጎትት አያስገድዱት።

አራተኛ፣ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሽ ሰዓት ያህል ከነዱ በኋላ አቁመው ያቀዝቅዙት።

አምስተኛ፣ የመጀመሪያውን ዘይት ቶሎ ይቀይሩ፤ መመሪያ ደብተሩ ካዘዘው ኪሎ ሜትር አያሳልፉ። የወጣውን ዘይት በሳህን አድርገው ፀሐይ ላይ ዘንበል ያድርጉት። የብር ብናኝ የመሰለ ብልጭታ ያያሉ። ያ ፋሻውና ሲሊንደሩ ሲላመዱ የተሞረደ ብረት ነው። እዚያው ከተዉት መልሶ ሞተሩን ይሞርዳል። በዚያው ቀን ሜካኒኩ የቫልቩን ክፍተት ይለካ፣ ብሎኖቹንም ይፈትሽ።

የጅጅጋ አየርና አቧራ

ጅጅጋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,600 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። አየሯ ከባሕር ዳርቻው በአንድ ስድስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ለባሕር ዳርቻ የተስተካከለ ካርቡራቶር እዚህ ሲመጣ ነዳጁ ይበዛል፣ ካንዴላው ጥላሸት ይለብሳል። ከጅጅጋ ወደ ሽንሌ ቆላ ለሚወርድ ደግሞ ነገሩ ይገለበጣል፤ አየሩ ስለሚወፍር ነዳጁ ያንሳል፣ ሞተሩም ይግላል። ፈራጁ ካንዴላው ነው። ፈካ ያለ ቡናማ ከሆነ ልክ ነው፤ ጥቁር ጥላሸት ነዳጅ በዝቷል፣ የነጣ ደግሞ ነዳጅ አንሷል ይላል።

አቧራው ከሁሉ ይብሳል። የአሸዋ ብናኝ ኳርትዝ አለበት፤ ኳርትዝ ከሲሊንደሩ ብረት ይጠነክራል። ከዘይት ጋር ሲደባለቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይፍቃል። በነፋሻው በጋ የአየር ፊልትሮውን በየሳምንቱ ይክፈቱ። ስፖንጅ ከሆነ በነጭ ጋዝ አጥበው ጨምቀው ያድርቁት፣ ንጹሕ ዘይት አስነክተው እንደገና ይጭመቁት። ወረቀት ከሆነ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይነፋል፣ ካረጀ ይቀየራል። ከመንገድ ዳር በሃይላንድ ጠርሙስ የተገዛ ቤንዚንም ሳይጣራ ታንከር ውስጥ አይግባ፤ ውሃና ደቃቅ አፈር ይኖርበታል።

ስሌቱ

በቀን 60 ኪሎ ሜትር ቢሠሩ 1,000 ኪሎ ሜትር ከ17 ቀን አይበልጥም። ብድር ሲጠይቁ የእነዚህን ቀናት ጎደሎ ገቢ ጨምረው ይጠይቁ፤ የመጀመሪያውንም ክፍያ ከሮዳጅ በኋላ እንዲጀምር ይነጋገሩ። አበዳሪዎ ቤተ ዘመድ ከሆነ ምክንያቱን በግልጽ ያስረዱት። ሞተሩ ሁለተኛ ከወረደ ገንዘቡን የሚጠብቀው እሱም ጭምር ነው።

ያን ልጅ ከወር በኋላ፣ ሞተሩን እንደገና አሳድሶ፣ ጅጅጋ ውስጥ «ታይዋን» ገበያ አጠገብ አገኘሁት። ኪሎ ሜትር መቁጠሪያው ጎን ነጭ ፕላስተር ለጥፎ ሁለት ቁጥሮች ጽፎበታል፤ ዘይት የሚቀየርበትንና ሙሉ ጭነት የሚጀመርበትን። አንደኛውን ሰርዞታል። ሦስተኛ ሰው ሊገባ ሲል በጣቱ ሁለተኛውን ቁጥር አሳየውና «ከስድስት ቀን በኋላ» አለው። እርስዎም ሞተርዎን አሳድሰው ከጋራዥ ሲወጡ፣ ቁልፉን ከማዞርዎ በፊት ሁለቱን ቁጥሮች ጽፈው ይለጥፉ።