በዘርና አርዱይኖ፦ ኮዱን በጆሮ መስማት

አርዱይኖ በተባለው፣ በኮድ በሚታዘዝ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ መሥራት የሚጀምር ሰው ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሠራው ትንሿን መብራት ብልጭ ድርግም ማድረግ ነው። ሰበታ መርሐ ዕውራን ትምህርት ቤት የሚማር ዓይነ ስውር ልጅ ግን ከዚህ ምንም አያገኝም፤ ኮዱ መሥራቱን የሚያውቀው ሌላ ሰው ሲነግረው ነው። በመብራቱ ቦታ በዘር የሚባለው ትንሽ የድምፅ መሣሪያ ከገባ ውጤቱን ራሱ ይሰማል። በሰበታም ሆነ በቡራዩና በሱሉልታ የሳይንስ ክበብ የሚመሩ መምህራን ከበዘር ቢጀምሩ የምመርጠው ለዚህ ነው።

በዘር ሁለት ዓይነት ነው፤ ከውጭ ሲታዩ ግን ይመሳሰላሉ። አንደኛው ድምፁን የሚፈጥር ሰርኪዩት በሆዱ ይዟል፤ 5 ቮልት ሲደርሰው በራሱ ይጮኻል። ሁለተኛው ይህ የለውም፤ ኤሌክትሪክ ሲያገኝ አንዴ ቀጭ ብሎ ዝም ይላል። ተበላሽቷል ብሎ የሚጥለው ብዙ ነው። ድምፅ የአየር ርግብግቢት በመሆኑ፣ በውስጡ ያለችው ስስ ዝርግ የምትርገበገበው ኤሌክትሪኩ ሲመጣና ሲቋረጥ ነው። ካልተቋረጠ አንዴ ትጎብጥና እንደዚያው ትቆያለች። በሰከንድ 440 ጊዜ ብናበራና ብናጠፋ ግን ሙዚቀኞች «ላ» የሚሉት ድምፅ ይወጣል። ዓይነቱን ለመለየት ሁለት የባትሪ ድንጋይ በተከታታይ አያይዞ ለቅጽበት ማስነካት ይበቃል፤ ደከም ባለ ድምፅም ቢሆን የሚጮኸው የመጀመሪያው ዓይነት ነው።

የበዘሩ ረጅም እግር ፖዘቲቭ ነው፤ ወደ አርዱይኖው ፒን 8 ይሄዳል፤ አጭሩ ወደ ግራውንድ። እዚህ ላይ ግን ቆም ማለት ይገባል። የአርዱይኖ ኡኖ አንድ ፒን ያለ ችግር የሚሰጠው 20 ሚሊአምፔር ያህል ነው፤ ከ40 ማለፍ ፈጽሞ የለበትም። በፒዬዞ (ኤሌክትሪክ ሲያገኝ በሚጎብጥ ዝርግ) የሚሠራ በዘር ጥቂት ስለሚወስድ በቀጥታ ይገናኛል። በማግኔት የሚሠራና የጥቅል ሽቦው 16 ኦም የሆነ በዘር ግን በ5 ቮልት ከ300 ሚሊአምፔር በላይ ይስባል፤ ፒኑን ያቃጥላል። ስለዚህ በመሃል ትራንዚስተር ይግባ፦ ከፒን 8 በ1 ኪሎኦም ሪዚስተር ወደ ቤዝ፣ ኤሚተር ወደ ግራውንድ፣ በዘሩ ደግሞ በ5 ቮልትና በኮሌክተር መካከል። ኤሌክትሪኩ ሲቋረጥ ጥቅል ሽቦው የሚመልሰው ከፍተኛ ቮልቴጅ ትራንዚስተሩን እንዳይጎዳ፣ ዳዮድ ከበዘሩ ጎን ለጎን፣ መስመር ያለበት ጫፉ ወደ 5 ቮልት ዞሮ ይታሰር።

ኮዱ አጭር ነው። ፒን 8ን «አውትፑት» ካደረጉ በኋላ፣ በራሱ ለሚጮኸው «ዲጂታልራይት» ማብራትና ማጥፋት ይበቃል። ለሁለተኛው «ቶን» በሚለው ትእዛዝ የፒኑ ቁጥርና የሚፈለገው ኸርዝ ይሰጣል፤ «ኖቶን» ያስቆመዋል። በ«ዲሌይ» መጠበቅ ለሙከራ ጥሩ ነው፤ ሰሌዳው በዚያ ጊዜ ሌላ ነገር ስለማያነብ ግን ሥራው ሲያድግ ሰዓቱን በ«ሚሊስ» መቁጠር ይሻላል።

የ«ዲሌይ» እና የ«ሚሊስ» ልዩነት ጎልቶ የሚታየው ርቀት የሚለካ ሴንሰር ጨምረን የዓይነ ስውር በትር ላይ ስንገጥመው ነው፤ እንቅፋቱ በቀረበ መጠን ጩኸቱ ይፈጥናል። ዓይነ ስውር መንገደኛ መኪናንም ሰውንም የሚለየው በጆሮው ስለሆነ፣ እያንዳንዱ ድምፅ ከ50 ሚሊሰከንድ ባይበልጥና መንገዱ ክፍት ሲሆን በዘሩ ጨርሶ ዝም ቢል ይመረጣል።